ቀይ ነጥብ ቁጥር አንድ

በዚያን ጊዜ ሥራዬ ጫካ መቀባት ነበር። መትከል አላልኩም፤ መቀባት ነው ያልኩት። አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ነበረኝ። ከዓመታት በፊት ከአውሮፕላን የተነሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ይመጡልኛል። እኔ ጠቆር ያለውን እየለየሁ በካርታው ላይ አረንጓዴ እቀባለሁ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። እናቴ «ይህ ልጅ ተኝቶ ሳይሆን በቁሙ ነው የሚያልመው» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚያ የተሻለ ሥራ የለም። አጫጭር እግሮች ያሉት፣ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚያዩበት መነጽር አለ። ስቴሬዮስኮፕ ይሉታል። መጀመሪያ ሲያዩበት ምንም የለም፤ ሁለት ጠፍጣፋ ወረቀት ነው። ትንሽ ሲቆዩ ዓይን እጅ ይሰጥና ተራራው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል። ሸለቆው ይሰምጣል፣ ወንዙ ወደ ታች ይወርዳል። እርስዎ ደግሞ ከላይ ያንዣብባሉ፤ ድምፅ የለ፣ ንፋስ የለ። ቁርሴን በልቼ ወደ ሰማይ እወጣና ለምሳ እወርድ ነበር። ያየሁትን አገር ሁሉ ያየሁት እንዲህ ነው። በእግሬ ግን ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ ውጭ የረገጥኩት መሬት አልነበረም።

አንድ ቀን ከአንጋጫ በላይ ያለው ተራራ ደረሰኝ። በተዳፋቱ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ጥቁር ነገር አየሁ፤ ደስ ብሎኝ አረንጓዴ ቀባሁት። በጥቁሩ ውስጥ ግን ነጣ ነጣ ያሉ ነጥቦች ነበሩ። አለቃዬን ጠራሁት።

«ጫካ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር ምን ይሆናል?» አለኝ። «መንጣሪ ነዋ!»

በቀይ እርሳስ ምልክት አደረግሁባቸው፤ አርባ ሦስት ሆኑ። አንዱ ከሁሉም የሚያበራ ነበር፤ ቁጥር አንድ ብዬ ጻፍኩበት። «ይኼ ደግሞ የመንጣሪዎቹ ሊቀመንበር ነው» አልኩና ሁለታችንም ሳቅን። ከተራራው ጫፍ ላይ ዳርቻው የማይለይ ድፍን ጥቁረት ነበር። የደመና ጥላ ነው ብዬ ነጭ አድርጌ ተውኩት።

ከዚህ ካርታ ዕቅድ ወጣ። አረንጓዴው ክልል ታጥሮ ይጠበቃል። የቀይ ነጥቦቹ ባለቤቶች ከክረምቱ በፊት ወጥተው ነጩ ቦታ ላይ በሚመሠረተው አዲስ መንደር ይሰፍራሉ። መንደር ምሥረታ የተጧጧፈበት ጊዜ ስለነበር ሁሉም ነገር ይቸኩላል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርታውን የሚያውቅ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ዕቅዱን ገምግሞ መፈረም አለበት። ካርታውን የሚያውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ፊርማዬ ዋጋ እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሆሳዕና ሰኞ ከሰዓት ደረስኩ። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የራሴ ካርታ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ሊቀመንበር ኮሌታቸው የተተኮሰ፣ ትንሽ የሚናገሩ የዶዮገና ሰው ነበሩ። «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለን። ሄደህ እይና መጥተህ ፈርም» አሉኝ። «ሄደህ እይና» የሚለውን እንደ ወግ ነው የተናገሩት፤ እኔም እንደ ወግ ሰማሁት።

ማክሰኞ ጠዋት የአንጋጫ ልጅ ከሆነ ታደሰ ከሚባል የልማት ሠራተኛ ጋር በላንድሮቨር ወጣን። ታደሰ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው ነው። መኪናው መንገዱ ሲያልቅበት ጥሎን ተመለሰ። ያን ጊዜ ጭጋጉ ወረደ።

እንዲያ ያለ ጭጋግ አይቼ አላውቅም። አሥር እርምጃ ፊት ለፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ጠፋ። መንገዱ ከሰው ቁመት በላይ በወጡ ሰፋፊ ቅጠሎች መካከል ይጠመዘዛል። ጭጋጉ በቅጠሎቹ ላይ ውሃ እየሆነ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ነው። ከቅጠሉ ኋላ አንዲት ሴት መዝሙር ታዜማለች፤ ድምፅዋ እንጂ ሴትዮዋ አትታይም። ሰው በሕልሙ ውስጥ ሕልም መሆኑን እያወቀ እንደሚሄደው ሄድኩ። እንሰት መሆኑን ታደሰ ነገረኝ። ቆጮን በክትፎ ቤት አውቀዋለሁ፤ ተክሉ ይህን ያህል እንደሚገዝፍ ግን አላውቅም ነበር። ወደ ጫካው ስንሄድ የምናልፈው የሰው ጓሮ ነው ብዬ አደነቅሁና አለፍኩ።

አንድ ሰዓት ሄድን፤ ጓሮው አያልቅም።

«ታደሰ፣ ጫካው ገና ነው?»

«ወደ ላይ ነው የምንሄደው» አለኝ።

ይህ መልስ አለመሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ካርታዬን ዘረጋሁ፤ ኮምፓሴን አወጣሁ። እንደ ካርታው ከሆነ ጫካው ውስጥ ከገባን ቆይተናል፤ መሐሉ ላይ ነን። ቀና ስል እንሰት፣ ዞር ስል እንሰት። አንዲት ፍየል ታስራ ታየኛለች።

«ይኼ ኮምፓስ ተበላሽቷል» አልኩ።

«ይሆናል» አለ ታደሰ፣ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ።

እስከ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ዞርን። አሥር ሰዓት ገደማ ዝናብ መጣና አንድ ቤት ተጠጋን። ክብ፣ ጣሪያው ረጅም የሣር ቤት ነው፤ ደጁ ላይ የታጨደ የመሰለ ለስላሳ መስክ አለው። ባለቤቱ አቶ ላምቦሬ ይባላሉ። ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ኮት የደረቡ ረጅም ሰው ናቸው። አማርኛውን የለመዱት በሆሳዕና ገበያ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ገና ከመግባታችን ጫማችን ስር ደረቅ ሣር ጎዘጎዙ። መደርደሪያው ላይ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ቅዱስ አለ።

ሥራዬን ልጀምር ብዬ ጠየቅሁ። «አቶ ላምቦሬ፣ እዚህ አካባቢ ደን የሚመነጥሩ ሰዎች አሉ ይባላል።»

«ደን?» አሉ። «ደኑ'ኮ ላይ ነው። እስከዚያ ማን ይሄዳል?»

ታደሰ ሳል ያዘው። እኔ ሽማግሌው የሸሸጉኝ መስሎኝ ላሳያቸው ፈለግሁ። ፎቶግራፎቹን በር አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስቴሬዮስኮፑን አቆምኩና «ይምጡ፣ በዚህ ይዩ» አልኳቸው።

ጎንበስ አሉ። «ወረቀት ነው» አሉ።

«ይቆዩ። ዓይንዎን አያስጨንቁት፤ ዝም ብለው ይዩ።»

ዝናቡ ሣሩ ላይ ይወርዳል። ድንገት ሁለት እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ።

«ኢየሱስ! ልወድቅ ነው!»

ተራራው ተነስቶላቸዋል። አንድ እጃቸውን ላኩና ሊዳስሱት ሞከሩ። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ይህን ያደርጋል፤ እኔም አድርጌያለሁ። ከዚያ ጣታቸው በቀስታ መሄድ ጀመረ።

«ይኼ ወንዙ ነው። ይኼ ገበያ የምንወርድበት። ይኼ የጸሎት ቤታችን። ይኼ የጴጥሮስ ቤት... ይኼ የወንድሜ...»

ጣታቸው የሚያርፍባቸው ነጣ ያሉት ነጥቦች ነበሩ። አርባ ሦስቱ መንጣሪዎቼ። አንድ በአንድ በስማቸው ይጠሩልኝ ጀመር። እኔ እያንዳንዱን ስም በሰማሁ ቁጥር ካርታዬ ላይ ያለውን ቀይ ነጥብ እፈልጋለሁ። ከሁሉም የሚያበራው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ የኔ ቤት ነው» አሉ።

«በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ያበራል አይደል? አዲስ ሣር ነው። ያን ቀን ጣራ እያለበስን ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ጣራ ላይ ነው። አውሮፕላን መጣ፤ ሄደ፤ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ሥራ አቁመን ሁላችን ቀና አልን። ማርታ ከታች ሣር ታቀብላለች፤ 'ምን ፈልጎ ነው?' አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት።» ከመነጽሩ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ፈልጎ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ፎቶግራፉ መለስኩ። መልሱን የማውቀው አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ቢሆንም ጠየቅሁ። «በቤቶቹ ዙሪያ ያለው ጥቁሩስ?»

ወይዘሮ ማርታ ተራ ጠብቀው ጎንበስ አሉ። በከምባትኛ የሆነ ነገር ተናገሩና ሳቅ አፈናቸው። ቀጥለው በአማርኛ «እንሰቴ ነዋ!» አሉኝ። ብዙ ቆዩ። ሲነሱ ዓይናቸው ረጥቧል። «ይኼን ሁሉ በልተነዋል'ኮ። አሁን ያለው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የተከልኩት ነው።»

አያችሁ? እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የቀባሁትን ጫካ እነሱ በልተው ጨርሰው ሌላ ተክለዋል። ወይዘሮ ማርታ በየማለዳው ከበረቱ ያወጡትን ፍግ ስሩ ያፈሳሉ። እንሰት ቤት አጠገብ የሚተከለው ለዚያ ነው፤ ቤቶቹ ጫካ የገቡ የመሰሉኝም ለዚያ ነው።

«ከገበሬ ማኅበር መጥተው 'ጫካ ውስጥ ናችሁ፣ ትወጣላችሁ' አሉን» አሉ አቶ ላምቦሬ። «የቱ ጫካ? ብለን ጠየቅን። ከላይ የመጣ ነው አሉ። እኛም ለመንግሥት የታየው፣ ለኛ ያልታየን ጫካ አለ ማለት ነው ብለን ጸለይን።»

«እንሰት ተሸክሞ አይኬድም» አሉ ወይዘሮ ማርታ። «አዲስ ተክሎ ለመብላት አምስት ስድስት ዓመት ነው። እስከዚያ ልጆች ምን ይበላሉ?»

ወደ ታደሰ ዞርኩ። ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩት በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስታዞረኝ ለምን ዝም አልክ?»

«ካርታው ማኅተም አለው» አለ። «እኔ እንሰት መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚሁ ተወልጄ። ግን የሠራው ሰው ከሰማይ ያየ ነው። ከሰማይ ያየ ሳይሻል አይቀርም አልኩ። ደግሞ ዝም አይነቅዝም።» ቀጥሎም «ራስህ እንድታየው ነው ያዞርኩህ» አለ።

እዚያ ላይ እኔም ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ግን ቁጥር አንድ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ የሳቅነው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ፣ አልቻልኩም።

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አቶ ላምቦሬ ከእግሬ እስከ ራሴ ብዙ ጊዜ ወስደው አዩኝ።

«አውሮፕላኑ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ቀጭን ነህ» አሉ። ከዚያ ቆጮውን፣ አይቡንና ጎመኑን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «በል ብላ።» በላሁ። የዚያን ያህል አፍሬም በልቼ አላውቅ፣ የዚያን ያህል ጣፍጦኝም አያውቅ።

እዚያው አደርን። ረቡዕ ጠዋት አቶ ላምቦሬ ዱላቸውን አንስተው «ደን ካልክ ና ላሳይህ» አሉኝ። ከመጨረሻው ቤት በላይ፣ የግጦሹን መስክ ተሻግረን ስንወጣ ጭጋጉ ከኛ በታች ቀረ። ካርታዬ ላይ ነጭ ወረቀት ወደሆነው ቦታ ነው የምንሄደው፤ የደመና ጥላ ወዳልኩት።

ጥላው ውስጥ ገባን። ዝግባው፣ ኮሶው፣ ግንዱን አረንጓዴ ፀጉር ያለበሰው ወይራ። እግራችን ድምፅ አጣ። ከላይ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲወረወር ጭራው ነጭ ጨርቅ መስሎ አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ ሳንዣብብ የሚሰማኝ ዝምታ እዚህ መሬት ላይ ነበር። ዝምታው ግን እዚህ ይሸታል፤ ይረጥባል። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ስር ውሃ ይወጣል። አቶ ላምቦሬ በመዳፋቸው ቀድተው ጠጡና «አርባ ሦስቱም ቤት የሚጠጣው ከዚህ ነው» አሉ።

ከምንጩ አጠገብ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል አየሁ። ወዲያ ማዶ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የአዲሱ መንደር ችካሎች ናቸው። ካርታዬ ነጭ፣ ባዶ ቦታ ነው ስላለ ለመንደሩ ቦታ ሊያስጠርጉ ነው። በአንድ እርሳስ ሰዎቹን ከምግባቸው ነቅዬ፣ ምንጫቸውን የሚያስቆርጥ ዕቅድ ሰጥቻለሁ። በዕቅዱ ሽፋን ላይ የተጻፈው ደግሞ «የደን ጥበቃ» ነው። ከችካሉ ስር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አቶ ላምቦሬ ዞር አሉልኝ።

እንባዬን ስጨርስ አረንጓዴ እርሳሴን አውጥቼ በእርጥብ ወረቀት ላይ የጫካውን ዳር እየዞርኩ አሰመርኩ። ታደሰ እርምጃ ይቆጥርልኛል። ኮምፓሱ ደህና ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት። በዚያ ዘመን ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይ ድል ነው ወይ አሻጥር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሰባት ሰዎች ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ የዕቅዱ ወረቀት ፊቴ ነው፤ ብዕር ተቀምጦልኛል።

«አልፈርምም» አልኩ። «አረንጓዴው ጫካ አይደለም፤ እንሰት ነው። ቀዮቹ ነጥቦች የሰው ቤቶች ናቸው። ጫካው ነጩ ቦታ ላይ ነው።»

«ማን ነው ያሳሳተህ?» አለ አንዱ ወዲያው።

ታደሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። አለቃዬ አዲስ አበባ ነው። «ማንም» አልኩ። «ስህተቱ የኔ ነው።»

ስቴሬዮስኮፑን በሊቀመንበሩ ፊት አቆምኩና ፎቶግራፎቹን ከስሩ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ቆዩ፤ ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው እጅ የሰጠበትን ቅጽበት አወቅሁት፤ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። እኚህ ሰው ዶዮገና በእንሰት ጥላ ስር ያደጉ ናቸው።

ቀና ሲሉ ግድግዳውን እንጂ እኔን አላዩም። «ይህን ካርታ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ» አሉ በቀስታ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ካርታው ተሻሽሏል ብለህ ጻፍ። 'ስህተት' የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው ይውጣ። ችካሎቹ ይነቀሉ፤ ሰዎቹ ባሉበት ይቆያሉ።» ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ግን አዲስ አበባ አትመለስም። እዚሁ ሆነህ የአውራጃውን ደን በሙሉ በእግርህ ትለካለህ። ለመሥሪያ ቤትህ እጽፋለሁ።»

ይህ ቅጣት ነበር። ስወጣ ታደሰ ክንዴን ያዘና «ሆሳዕና አሁን ገና ደረስክ» አለኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ቅጣቴን ዛሬም ድረስ እየፈጸምኩ ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። ሆሳዕና አገባሁ፣ ሆሳዕና ወለድኩ። መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ያ ደን ተነካ፤ ከምሥራቁ በኩል ብዙ ዛፍ ወደቀ። አልዋሻችሁም፤ ሁሉ ነገር አልተረፈም። ምንጩና ዙሪያው ግን ቆሟል። ያኔ ቀንና ሌሊት ተራ ገብተው የጠበቁት እኔ መንጣሪ ብዬ በቀይ የመዘገብኳቸው ሰዎች ናቸው። ከሩቅ ማየትን አልጠላሁም፤ ከላይ ማየት ያምራል፣ ይጠቅማልም። ከላይ ያያችሁትን ነገር ስም ከመስጠታችሁ በፊት ግን ወርዳችሁ ባለቤቱን ስሙን ጠይቁት። እኔ አርባ ሦስት ስሞችን በቀይ እርሳስ ከሸፈንኩ በኋላ ነው የተማርኩት።

ያ ፎቶግራፍ አሁንም አለኝ። አልፎ አልፎ በመነጽሩ አየዋለሁ። ሰው እንደማይታይበት አውቃለሁ፤ ያ ፎቶ ሰውን ለማሳየት አይበቃም። ግን በዚያች በምታበራ ነጥብ ላይ ዓይኔን ባሳረፍኩ ቁጥር ጣራ ላይ የቆሙ ሰዎች ቀና ብለው የሚያዩኝ ይመስለኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ ከአቶ ላምቦሬ ጋር የሠራሁት ሥራ የቤታቸው ጣራ ነው። ሣሩ አርጅቶ ነበርና ጎረቤት ተጠራ፤ እኔም ተጠራሁ። እሳቸው ሸምግለው ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ ወይዘሮ ማርታ እንደ ድሮው ሣር ያቀብላሉ፤ እኔ ከላይ ሆኜ እቀበላለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከደቡብ በኩል አውሮፕላን ድምፁ ተሰማና ሁላችንም ሥራ አቁመን ቀና አልን።

«አንተ አውሮፕላን!» ብለው ጠሩኝ አቶ ላምቦሬ ከታች። «ምን ቆመህ ታያለህ? ጫካ ብሎ ሳይጽፈን እጅህን አውለብልብለት!»